ስድሳ ሁለት ቢጫ ከረጢት በአደራ

ለተከበሩ የሕክምና ቆሻሻ ምዝገባና አያያዝ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ። ምኞቴ ከወግ ያለፈ መሆኑንም እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ በእኛ ሰፈር እግሩ የቆሰለ፣ ጣቱን የቆረጠ ወይም ሐኪም መርፌ ያዘዘለት ሰው የሚሄድበት ቦታ ስለማይኖር፣ እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ በዚህ በኩል ሲያልፉ እንቅፋት እንኳ እንዳይመታችሁ ከልቤ እጸልያለሁ።

እኔ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካንና ክዳን ያለው በርሜል እሸጣለሁ። ከሱቄ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ታናሽ እህቴ ቁስል ታጥባለች፣ የታዘዘ መርፌ ትወጋለች፣ ስፌት ትፈታለች። በነርስነት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ የሙያ ፈቃዷም በመስተዋት ውስጥ ሆኖ በሽተኛ ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ተሰቅሏል። እሷ የሰው ቁስል ስትይዝ ወረቀቱን የምይዝላት እኔ ነኝ። ሱቅ ከከፈትኩበት ቀን አንስቶ ማን እንደ መጣ፣ ምን እንደ ጠየቀና ምን ብዬ እንደ መለስኩ በየዕለቱ በማስታወሻ ደብተር እጽፋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያነቧቸው ቀኖችና ቃላት ከደብተሩ የተገለበጡ እንጂ ከንዴት የመጡ አይደሉም። ንዴቱን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ እሱን የሚቀበል መስኮት እስካሁን አላገኘሁም።

ጽሕፈት ቤትዎ የሕክምና ቆሻሻ የሚያመነጭ ድርጅት ሁሉ በዘጠና ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘጠናው ቀን ሲሞላ ያልተመዘገበው እንዲታሸግ መመሪያ ያወጣ ዕለት፣ እህቴ ከእኔ እጅ ነጥቃ ቆማ አነበበችውና «እሰይ፣ ደግ አደረጉ! ገና ዛሬ ሰው ሆንን» አለች። እኔም ተስማማሁ። ያገለገለ መርፌ መንገድ ላይ መጣሉ ይብቃ የሚል መመሪያ ማን ይጠላል? ዛሬ ሰማንያ ስምንተኛው ቀን ነው። ሐሙስ ዘጠና ይሞላል። በነዚህ ቀኖች ውስጥ ያገኘሁትን መልካም መስተንግዶ እንደሚከተለው በቁጥር ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሚዛን።

የምዝገባ ቅጽዎ ጥያቄ ሰባት «ድርጅቱ በቀን ምን ያህል ቆሻሻ ያመነጫል?» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አንድ ቁጥር ይጽፍ ነበር። እኔ ግን የተጠየቅኩትን ካልመዘንኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ስለሆንኩ፣ አነስተኛ ሚዛን ይዤ ለአሥራ ሁለት የሥራ ቀናት የየዕለቱን ፋሻ፣ ጥጥ፣ ጓንትና መርፌ መዘንኩ። እህቴ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ አሁን ይሄ ደግሞ ይመዘናል?» ብላ ሳቀችብኝ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ራሷ እየመዘነች ትጠራልኝ ጀመር። አማካዩ ስድስት መቶ አርባ ግራም ሆነ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሰኞ ጠዋት ቅጹን ይዤ መስኮት ቁጥር አራት ስደርስ፣ እዚያ ያሉት ወይዘሮ ቁጥሩን አይተው ቀና ብለው ተመለከቱኝ። አድንቀውኝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን እውነተኛ ቁጥር ያመጣሁባቸው ሰው በመሆኔ አዝነውልኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ስለ ሐዘኔታቸው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ሁለቱ ወረቀቶች።

ቆሻሻ አመነጫለሁ ያለ ድርጅት ለመመዝገብ ፈቃድ ካለው አጓጓዥ ጋር የተፈረመ ውል ማቅረብ አለበት። ተገቢ ነው። ፈቃድ ያለው አጓጓዥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቢጫ መኪና ያለው ሰው ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ አንድ ከምንም ይሻላል። ፈልጌ አገኘሁትና ውል እንፈራረም አልኩት። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ሞተሩ ላይ እንደ ተደፋ «የምዝገባ ቁጥርህን አምጣና ደጅህ ድረስ እመጣለሁ» አለኝ። ቁጥር የሚሰጠኝ ውል ሳመጣ መሆኑን ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቀና አለና «ወንድሜ፣ እኔ ያለ ቁጥር አንዲት ጓንት ብጭን መኪናዬን ነው የሚያስቀሩብኝ። ሄደህ ንገራቸው» አለኝ።

ሄጄ ነገርኳቸው። መስኮት አራት «መጀመሪያ ውሉን» አሉ። ወደ ቢጫው መኪና ተመለስኩ። «መጀመሪያ ቁጥሩን» አለ። ደብተሬ እንደሚያሳየው በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። በስድስተኛው ጊዜ የጽሕፈት ቤትዎ ዘበኛ መፈተሹን ትቶ በሰላምታ ብቻ ያሳልፈኝ ጀመር፤ በስምንተኛው «ዛሬ ደግሞ የትኛው ነው የጎደለው?» ብሎ ጠየቀኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ጉዳዬን አሳጥሮ የተረዳልኝ ብቸኛ ሰው እሱ ስለሆነ፣ የደረጃ ዕድገት ሲታሰብ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሰባቱ ቀን።

ከመመሪያዎ በፊት እህቴ ቆሻሻዋን አሽጋ ለትልቁ ሆስፒታል ማቃጠያ ታስረክብ ነበር። መመሪያው በወጣ ዕለት ሆስፒታሉ ካልተመዘገበ ድርጅት እንዳይቀበል ታዘዘ። እኛም እንደ ታዘዝነው ማኖር ጀመርን። መመሪያዎን ደጋግሜ ስላነበብኩት አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠል ክልክል ነው፤ መቅበር ክልክል ነው፤ ከቤት ቆሻሻ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ በመንገድ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ከሰባት ቀን በላይ ማኖርም ክልክል ነው። እነዚህን አምስት ክልከላዎች አንድ ላይ ለመፈጸም እኔና እህቴ ብዙ አሰብን። ያልተከለከለው ብቸኛ መንገድ ቆሻሻው በገዛ ፈቃዱ እንዲጠፋ መለመን ሆኖ ስላገኘነው፣ እሱንም ሞክረነዋል፤ አልሆነም።

ስለዚህ የፕላስቲክ ዕቃዬን ከዕቃ ቤት አውጥቼ ሱቅ ውስጥ ደረደርኩ፤ ዕቃ ቤቱን ለቢጫ ከረጢቶች ለቀቅኩላቸው። አየር እንዲያገኝ መስኮቱን አስከፈትኩ፣ ወለሉን ኖራ አስቀባሁ፣ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀንና ክብደት ጻፍኩ። መርፌዎቹ በሴፍቲ ቦክስ ናቸው፤ ካርቶኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል። ከእኔ የተሻለ ቆሻሻ የያዘ ሰው እንደሌለ በድፍረት እናገራለሁ፤ የማይፈቀድልኝ መያዙ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ተቆጣጣሪዎ ስልክ።

በሰባ ሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኞችዎ በቅጽል ስም «ጋሽ ማኅተም» የሚሏቸው ተቆጣጣሪ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ የዕለቱን ጨምሮ ስድሳ ሁለት ከረጢትና አሥራ አራት ሴፍቲ ቦክስ አገኙ። «እንዲህ ያለ አያያዝ አይቼ አላውቅም» ብለው አመሰገኑን። ቀጥሎም ከሰባት ቀን በላይ ስላኖርን ዕቃ ቤቱን አሸጉት። ሽቦውን አጠማዘዙ፣ ሰሙን አቀለጡ፣ ማኅተሙን መቱ፣ ወረቀቱን ለጠፉ፣ ላባቸውን ጠረጉ።

ልክ በዚያን ጊዜ ከውስጥ ስልክ ጮኸ።

ሽቦውን በሁለት እጃቸው ለመያዝ ሲሉ ስልካቸውን ከበሩ በስተጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ እኛን አዩን፤ በሩን አዩ። እህቴ ሳቋን በመዳፏ አፍና ወደ ውስጥ ገባች። እኔ «እንግዲህ ይክፈቱታ፣ ምን ቸገረ» አልኳቸው። «እንዴት ብዬ! ማሸግ እንጂ መክፈት አልተሰጠኝም» አሉ። ማኅተም የሚከፍተው ሌላ የሥራ ክፍል ነው፤ እሱም የሚከፍተው የተመዘገበ ድርጅት ሲያመለክት ነው። ስልኩ ሁለት ቀን ጮኸ። ተቆጣጣሪው አንዴ ከእህቴ ስልክ ለባለቤታቸው ስለ ደወሉ፣ ባለቤታቸው በእሷ ቁጥር ይደውሉ ነበር፤ እህቴም «እትዬ፣ ደህና ናቸው፤ ስልካቸው ነው የታሸገው» እያለች ታጽናናቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ባትሪው አለቀና ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሽ ማኅተም አሁንም አልፎ አልፎ ብቅ ይሉና ማኅተሙ አለመነካቱን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ በሩን ትንሽ ቆመው አይተውት ይሄዳሉ። የኔን መታሰር ለማየት ሲመጡ የራሳቸውን እያዩ ስለሚመለሱ፣ እንደ ወንድም ነው የማያቸው።

አምስተኛ፦ ስለ ነጻ የስልክ መስመርዎ፤ ደውዬ ነበር፣ በአካል ይምጡ የሚል የተቀዳ ድምፅ በጣም በለሰለሰ አንደበት መልሶልኛል፣ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፦ ስለ አደራው።

ክፍሉ በታሸገ ማግስት የማሸጊያውን ወረቀት ነጋዴ ውል እንደሚያነብ አድርጌ አነበብኩት። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ «የታሸገ ቦታና በውስጡ የሚገኝ ማናቸውም ነገር እስኪከፈት ድረስ በአሻጊው አካል ጥበቃና ኃላፊነት ሥር ይቆያል» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከሰባ ሦስተኛው ቀን ጀምሮ ስድሳ ሁለቱ ከረጢትና አሥራ አራቱ ሴፍቲ ቦክስ በጽሕፈት ቤትዎ እጅ ናቸው። እኔ በሬን ከማበደር በቀር ምንም የለኝም። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን የሕክምና ቆሻሻን ያለ ምዝገባ፣ ያለ አጓጓዥ ውል፣ ከሰባት ቀን በላይ፣ ይኸውም እስከ ዛሬ ለአሥራ አምስት ቀን ይዞ ይገኛል። ነገሩ እንዳይከብድብዎ በማሰብ የምዝገባ ቅጹን በጽሕፈት ቤትዎ ስም ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው። መስኮት አራት የአጓጓዥ ውል ይጠይቁዎታል። ቢጫው መኪና የት እንደሚቆም ላሳይዎ እችላለሁ፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የተጠራቀሙት አሥራ ሦስት ከረጢቶች ግን አሁንም የኔ ናቸው። ዕቃ ቤት ስለሌለኝ ለሽያጭ ካቀረብኳቸው በርሜሎች በሁለቱ ውስጥ ክዳናቸውን አጥብቄ አስቀምጫቸዋለሁ፤ «አይሸጥም» የሚል ወረቀትም ለጥፌባቸዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ያመጣልኝን ገዢ ብዛት ቢያዩ ይገረማሉ። ትናንት አንዲት ደንበኛ «ለማን ደብቀኸው ነው? እሱን ነው የምፈልገው» ብላ ስትከራከረኝ ዋለች፤ ሌላ በርሜል ባሳያትም አሻፈረኝ አለች።

ሰባተኛ፦ ስለ ዜሮ።

ይህን የመጨረሻውን ሳልጽፈው ብቀር በወደድኩ፤ እኔንም የሚነካ ነውና። በሰባ ስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በዘጠነኛው ምልልሴ፣ የመስኮት አራት ወይዘሮ ግራና ቀኝ አይተው ወደ መስተዋቱ ጠጋ አሉና «ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ምን ነካህ? ጥያቄ ሰባት ላይ ዜሮ ብለህ ጻፍና ተገላገል! ዜሮ ከሆነ ውል አንጠይቅም። ሰው ሁሉ እንደዚያ እያደረገ አይደል እንዴ» አሉኝ። ለክፋት አልነበረም፤ ሰው ሲመላለስ ማየት ሰልችቷቸው ነው።

ስመለስ መንገዴን አሳብሬ የመታጠፊያችን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ጎራ አልኩ። እውነትም ግድግዳው ላይ «የሕክምና ቆሻሻ የማያመነጭ ድርጅት» የሚል፣ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። «የነቀልከው ጥርስ የት ይሄዳል?» አልኩት። «ጥርሱ የባለቤቱ ነው፤ ጠቅልዬ አስረክበዋለሁ» አለኝ። «ጥጡስ? መርፌውስ?» ስለው «አንተ ነጋዴ ነህ ወይስ ተቆጣጣሪ?» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።

ቁጥርን ሁልጊዜ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የነጋዴ ልማድ ነው። እሑድን አስቤበት ሰኞ ጠዋት፣ በሰማንያኛው ቀን፣ ስድስት መቶ አርባውን በላጲስ አጥፍቼ ዜሮ ጻፍኩ። እህቴ እንድትፈርም ቅጹን ይዤ ከሱቅ ወደ ክፍሏ ስገባ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በሰፈራችን በጋሪ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴት ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈዋል። ከጋራው የቆሻሻ ገንዳ ፌስታል ሲያነሱ መርፌ ከአውራ ጣታቸው ሥር ሰርስሮ ገብቷል። «ይኸውልህ፣ ሳልታመም ተወጋሁ» አሉኝ፤ ለመሳቅ ሞክረው እጃቸውን ለእህቴ ዘረጉላት። እህቴ እጃቸውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ረጅም ጊዜ አጠበችላቸው። የመከላከያ መድኃኒቱን በዚያው ዕለት ትልቁ ሆስፒታል ሄደው መጀመር እንዳለባቸው አስረዳቻቸው፤ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ ደህና መሆናቸውን በእርግጠኝነት ለማወቅ ወራት ይጠብቃሉ። ያን ያህል ጊዜ ጋሪውን እየገፉ ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ከሄዱ በኋላ እህቴ ጓንቷን አውልቃ ከረጢቱ ውስጥ ጣለችና በእጄ ያለውን ቅጽ አየች። ተቀበለችኝ። ጥያቄ ሰባት ላይ ስትደርስ ጣቷን ዜሮው ላይ አሳረፈች። እህቴ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ጋሼ፣ የማን መርፌ እንደሆነ አላውቅም። የእኔ እንዳልሆነ ግን ለሴትዮዋ ልምልላቸው ችያለሁ፤ የኔን አንድ በአንድ መዝነህ ጽፈኸዋልና። ዜሮ ብዬ ከፈረምኩ ነገ በምን አፌ ነው የምምለው?» አለችኝ። ላጲሱን ከኪሴ አወጣሁ። ዜሮውን አጥፍቼ ስድስት መቶ አርባውን መልሼ ጻፍኩ። ወረቀቱ በዚያ ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

መስኮት አራት ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። አዲስ ቅጽ የሚሰጠኝ ተቆጣጣሪው ሲፈርሙልኝ ነው። ጋሽ ማኅተምን ለመንኳቸው። እሳቸውም በጣም ተጨንቀው፣ በታሸገው ክፍል ውስጥ የግል ንብረት ስላላቸው በጉዳዩ ላይ መፈረም የጥቅም ግጭት እንደሚሆንባቸው አስረዱኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚህ በኋላ የሚያንኳኩት በር አላገኘሁም፤ በዚህ ረገድ የጽሕፈት ቤትዎ አሠራር እንከን የለሽ መሆኑን ልመሰክር እወዳለሁ። በብዙ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አስፈጽሜያለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። እናንተ ዘንድ ግን ሁሉም ተደፍኗል።

ክቡር ሆይ፣

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ይቅደም። ወይ ለሠላሳ ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጠንና በእሱ ውሉን እንፈራረም፤ ወይ አጓጓዡ ያለ ቁጥር እንዲፈርም ይፈቀድለት። ይህን ለማድረግ ስብሰባም፣ ጥናትም፣ አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም፤ ሁለት መስመር ጽሑፍና የእርስዎ ማኅተም ይበቃል። ማኅተም ደግሞ እንደሌላችሁ አልጠረጥርም።

ካልሆነ የሚሆነውን ልንገርዎ። እህቴ ዘንድ ፋሻ ለማስለወጥ በየዕለቱ ከሚመጡት አንዱ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ናቸው። ስኳር አለባቸው። ከዘጠኝ ወር በፊት ሲመጡ የእግራቸው ቁስል የእጅ መዳፍ ያክል ነበር፤ ሆስፒታል ይቆረጥ ተብሎ ቀን ሊሰጣቸው ነበር። ዛሬ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። እህቴ የሐሙሱን ነገር ስትነግራቸው እግራቸውን እያዩ «ልጄ፣ እኔስ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ፤ ይቺ እግር ግን ካንቺ ጋር ነው የለመደችው፣ እንዴት አድርጌ ልንገራት?» አሏት። ትልቁ ሆስፒታል በእሳቸው እግር ሩቅ ነው። ስለዚህ እህቴ ከትናንት ጀምሮ ባለቤታቸውን ቁስል ማጠብ እያስተማረቻቸው ነው። የአሮጊቷ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እህቴ «እማማ፣ ቀስ ብለው፣ ከመሃል ወደ ውጭ» እያለች እጃቸውን ይዛ ታሳያቸዋለች።

መመሪያዎን በቃሌ ስለያዝኩት አንድ ነገር ላስታውስዎ። ቁስሉ እህቴ ክፍል ሲታጠብ ፋሻው የሕክምና ቆሻሻ ነው፤ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ ቀን ይጻፍበታል። ያው ቁስል በጫማ ሰፊው ቤት ሲታጠብ ግን ፋሻው የቤት ቆሻሻ ይባላል፤ ምዝገባም አያሻውም። በፌስታል ተቋጥሮ የጋራው ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በጋሪ የሚሰበስቡት ሴት በዚያ በተወጋው እጃቸው ያነሱታል። ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት ይሆናል። የእህቴን ክፍል በመዝጋት የሚገኘው ውጤት ይኸው ነው።

ሐሙስ እህቴ የመጨረሻውን በሽተኛ ትሸኛለች፤ እርስዎም ያሽጋሉ። ዓርብ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት መስኮት አራት እገኛለሁ። አዲስ ቅጽ ባይሰጠኝ በነጭ ወረቀት ላይ ጥያቄ ሰባትን ራሴ እጽፈዋለሁ፤ መልሱንም ዜሮ ብዬ በእስክሪብቶ እሞላዋለሁ። በዚያ ቀን እውነት ስለሚሆን እህቴም ትፈርማለች።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ላስተማሩኝ ሥርዓት፣ እግሬን ላጠነከሩልኝ ዘጠኝ ምልልሶችና በደብተሬ ውስጥ ለሞሉልኝ ገጾች ምስጋናዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ በሥልጣንዎ ረጅም ዘመን እንዲቆዩልንና አንድ ቀን ደግሞ በመስኮት አራት በውጭ በኩል ቆመው ወረፋ የመጠበቅ ዕድል እንዲገጥምዎ ከልብ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ፣
ባልዲ ሻጩ፤ ስድሳ ሁለት ከረጢትዎን በሩ ሥር ሆኖ የሚጠብቅልዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት በአካል ይዤ መጥቼ ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ገልብጠው አዩትና ካልተመዘገበ ድርጅት የሚመጣ ደብዳቤ ገቢ እንደማይደረግ በአክብሮት ነግረው መለሱልኝ። በግልጽ ማሳተም ግድ የሆነብኝ በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ግን፣ ካልተመዘገበ ድርጅት የመጣ ነገር ያለ ፈቃድ ተቀብለዋል ማለት ነው፤ በመመሪያዎ ያስጠይቃል። በራስዎ ላይ ብዙ እንዳይጨክኑ እለምናለሁ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ማስጠንቀቂያ ይበቃል።